ኔዳን ፍለጋ፣ አሥራ አንድ ጊዜ

የምተዳደረው ሰው በማታለል ነው። ውል አለው፣ ማኅተም አለው፣ ግብር እከፍልበታለሁ፤ ግን ያው ማታለል ነው።

ድርጅቶች የኢንተርኔት ሌባ ቢመጣባቸው ሠራተኞቻቸው ምን እንደሚሆኑ ለማወቅ ሲፈልጉ እኛን ይቀጥራሉ። እኛም ሌባውን ሆነን ለሠራተኞቹ እንጽፋለን። «ደሞዝዎ ተስተካክሏል፤ እዚህ ይጫኑ።» «ዕቃ መጥቶልዎታል፤ እዚህ ይጫኑ።» ማን ጠረጠረ፣ ማን ሮጦ ተጫነ፣ ሁሉም ይመዘገባል። ከዚያ ጥቅምት ሲደርስ፣ የዲጂታል ደህንነት ግንዛቤ ወር ነውና፣ አዳራሽ ተከራይተን ጉባኤ እንጠራለን። ለተታለሉት ሰዎች እንዴት እንደተታለሉ በትልቅ ስክሪን እናሳያቸዋለን። ይስቃሉ፣ እኛም ቡናና ብስኩት እናቀርባለን፤ ሁሉም ተምሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ማጥመጃ ደብዳቤ እንለዋለን። ከሶፊያ እስከ ዳኑብ ዳር የኔን ያህል ማጥመጃ የሚጽፍ የለም ይባላል። ስሜ ዞርኒጻ ነው። ዘንድሮ የጻፍኩትን ግን ባልጻፍኩት።

ዳኑብ ዳር ያለችው ሩሴ ከተማ የሄድኩት በሚያዝያ ነበር፤ የወንዝ መርከቦች የሚጠግን አንድ ድርጅት ቀጥሮን። የመጀመሪያ ቀን፣ ብረት ከሚነሳበት ክሬን ሥር ባዶ ጭንቅላቴን ስራመድ አንድ በያጅ ከኋላዬ ጮኸ።

«የሶፊያዋ! ጭንቅላትሽ ብረት ነው እንዴ?»

ዞር ስል የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋው። ፊቱ ጥላሸት ለብሷል፤ ዓይኖቹ ዙሪያ ብቻ ሁለት ነጭ ክቦች ቀርተዋል። ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ግን አልሳቀም። የራሱን ሄልሜት አውልቆ ጭንቅላቴ ላይ ደፋብኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሄልሜቱ እስከ ቅንድቤ ወረደ። ያን ቀን ስንት የኮምፒዩተር ገመድ እንደሰካሁ አላስታውስም፤ የማስታውሰው ያንን ሄልሜት ልመልስ በሚል ሰበብ ሦስት ጊዜ ወርጄ ሦስቱንም ጊዜ ሳልሰጠው መመለሴን ነው።

ያቮር ይባላል። እናቴ ዳኛ ናት፤ እንደተዋደድን ስነግራት «መርከብ ነው የሚበይደው ወይስ የአጥር በር?» አለችኝ። ልዩነት የሚያመጣ ይመስል። መርከብ ነው አልኳት። «ደግ ነው» አለች፤ ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርታው አታውቅም። በሳምንት ሦስት ቀን ሩሴ፣ አራት ቀን ሶፊያ ነበርኩ። በመሃሉ የአምስት ሰዓት መንገድና የእናቴ ዝምታ አለ።

ታዲያ አንድ ቀን እንደ ሥራዬ ጠባይ መከርኩት። «በስልክ የምትጽፍልኝን ሁሉ ሌላ ሰው ያነበዋል ብለህ ቁጠር» አልኩት።

«እንግዲያው በስልክ አልጽፍልሽም» አለ፤ ቃሉን ጠበቀ።

አባቱ ጋሽ ስታመን የድርጅቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። ያቮር ከዚያ የመለዋወጫ መጠየቂያ ቅጽ እየወሰደ ጀርባው ላይ ይጽፍልኝ ጀመር። አንዳንዴ የፊቱንም ገጽ ይሞላዋል። «የሚፈለገው ዕቃ፦ ዞርኒጻ። ብዛት፦ አንድ። ምክንያት፦ አስቸኳይ።» እነዚያን ወረቀቶች ሶፊያ ላይ ትራሴ ሥር አስቀምጬ እተኛ ነበር። በሕይወቴ የማንም ሰው ዓይን ሊያያቸው የማይችል ደብዳቤዎች ደርሰውኝ አያውቁም ነበርና፣ ሀብታም የሆንኩ መሰለኝ።

በነሐሴ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ።

«ዞሪ፣ አባዬን ዛሬም በምሳ ሰዓት የድርጅቱ በር ላይ አገኘሁት፤ የሟቾችን ወረቀት እያነበበ። ለእማዬ ሙት ዓመት ሊያሳትምላት ይፈልጋል፤ ፎቶ ግን የለንም። ያለው የመታወቂያዋ ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ ፖሊስ የያዛት ነው የምትመስለው። የዛሬ ሃያ ዓመት ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ጥቁር ባሕር ሄደው አንድ ሰው አንስቷት ነበር፤ ሐብሐብ ታቅፋ ስትስቅ። ማን እንዳነሳት ጠፍቶበታል። ‹ያቺን ሳቅ ባገኝ› እያለ ማታ ማታ ያለቅሳል። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ማልቀሱን ሰው እንዲያውቅበት አይፈልግም። አንቺ ግን ሌላ ሰው አይደለሽም።»

እኛ አገር ሟች አይደበቅም። ፎቶውና ስሙ በወረቀት ታትሞ በቤቱ በር፣ በመብራት እንጨት፣ በሥራ ቦታው ይለጠፋል። ለአርባው ይለጠፋል፣ ለመንፈቁ ይለጠፋል፣ ለሙት ዓመቱ ይታደሳል። ፎቶው የከፋበት ሟች ዳግመኛ የሞተ ያህል ያሳዝናል። ደብዳቤውን አንብቤ አለቀስኩ። እውነቴን ነው፣ አለቀስኩ።

በመስከረም አለቃዬ ካራጆቭ ጠራኝ። ለድርጅቱ መቶ ሃያ ኢሜይል ተጠቃሚዎች የላክነው የደሞዝ ማጥመጃ አራት ሰው ብቻ ነበር የያዘው።

«ዞሪ፣ ይሄ ሕዝብ ነቅቷል። በአራት ሰው ጉባኤ ላይ ምን እናወራለን? ገንዘብ በቃ፤ ልብ የሚነካ ነገር አምጪ» አለኝ።

ልብ የሚነካ ነገር ትራሴ ሥር ነበረኝ።

ጻፍኩት። «ከሠራተኛ ማኅበሩ የቀድሞ ጉዞዎች የተሰበሰቡ ፎቶዎች። በሞት ለተለዩ ወገኖችዎ ወረቀት የሚሆን ምስል እዚህ ይፈልጉ።» የያቮርን እናት የኔዳን ስም አልጠራሁም፣ ሐብሐብ አላልኩም። ይህ ለሁሉም ሰው የተጻፈ እንጂ ስለ አንድ ቤት አይደለም እያልኩ ራሴን አግባባሁት። ጎበዝ አታላይ መጀመሪያ የሚያታልለው ራሱን ነው፤ እኔ ደግሞ ጎበዝ ነኝ ብያችኋለሁ።

ሃምሳ አንድ ሰው ያዘ። ካራጆቭ አጨበጨበ። ዝርዝሩን ሳየው አንደኛው ሰው አሥራ አንድ ጊዜ ተጭኗል፤ በአርባ ደቂቃ ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት፣ ከግምጃ ቤቱ ኮምፒዩተር። ጋሽ ስታመን ነበር።

እዚያው ብደውል ኖሮ። «ጋሽ ስታመን፣ ውሸት ነው፤ የኔ ሥራ ነው» ብል ኖሮ። ደንቡ ግን ከጉባኤው በፊት ለማንም አይነገርም ይላል። እኔም ደንቡ ሥር ተሸሸግሁ፤ እናቴ የዳኝነት ካባዋን እንደምትለብሰው ለበስኩት።

ከዚያ የመጣው እሑድ ቤታቸው ምሳ ላይ ጋሽ ስታመን ባቄላውን ትቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ዞሪ ልጄ፣ ጉድ ልንገርሽ። ማኅበሩ ፎቶ አግኝቷል! ይኸው በደብዳቤ ነገሩን። ችግሩ ማሽኔ ነው፤ ብጫነው ብጫነው ነጭ ገጽ ብቻ! አንቺ የማሽን ሰው ነሽ፣ እስቲ አንድ ቀን መጥተሽ ክፈቺልኝ።»

ያቮር አባቱን በፍቅር፣ እኔን በኩራት አየኝ። «ትከፍትልሃለች አባዬ፤ ለሷ ምን አላት» አለ።

«እሺ፣ በሚቀጥለው ሳምንት» አልኩ።

በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ አልኩ። የዚያን ቤት ባቄላ ሦስት እሑድ በላሁ።

*

ጉባኤው ረቡዕ ነበር፤ በከተማው ትልቅ ሆቴል አዳራሽ። ድርጅቱ ሥራ አስቁሞ ሁሉንም ሰው አመጣ። በያጆቹ ታጥበው፣ ሸሚዝ ለብሰው በሦስተኛው ረድፍ ተደርድረዋል። ያቮር መሃል ላይ ተቀምጦ አገጩን ብቻ ቀና አድርጎ ሰላም አለኝ። ጋሽ ስታመን ከፊት ነው፤ ኮፍያው ጉልበቱ ላይ፣ ማስታወሻ ደብተሩ ኮፍያው ላይ። ሊማር ነው የመጣው።

አሥራ አንድ ጊዜ ስለተጫነው ሰው የሚያሳየውን ስላይድ ጠዋት ላውጣው ብዬ ነበር። ካራጆቭ «እሱን ከነካሽ ምን ይቀረናል?» አለኝ፤ ተውኩት።

ስላይዱ ሲመጣ ካራጆቭ ማይኩን ከእጄ ወሰደ። «አንድ ጀግና ደግሞ አለን! ስሙን አንጠራም። አሥራ አንድ ጊዜ! አምስተኛው ላይ ሌባው ራሱ ‹ይብቃህ አባቴ› ሳይለው አይቀርም!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ፈገግ አልኩ። መድረክ ላይ ነበርኩ፣ ፊቴ የለመደውን አደረገ። ከዚህ ሁሉ ነገር ማታ ማታ ተመልሶ የሚመጣብኝ ያቺ ፈገግታ ናት።

ሳቁ ሳያልቅ ጋሽ ስታመን እጁን አወጣ። ከዚያ ተነሣ።

«ይቅርታ፤ አሥራ አንዱ እኔ ሳልሆን አልቀርም» አለ። «ገጹ አልከፈት ብሎኝ ነው እንጂ ለማጥፋት አይደለም። ዞሪ ልጄ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ስለ ሌባው ገባኝ። ሌባው ደብዳቤውን ከማኅበሩ ሰርቆ ነው የላከው፣ አይደል? ፎቶዎቹ ታዲያ አሁን ማን ጋ ናቸው? ቅዳሜ የኔዳ ሙት ዓመት ነው፤ ማተሚያ ቤቱ እስከ ነገ ካላመጣህ ብሎኛል።»

ማይኩ ካራጆቭ እጅ ነው። ያለ ማይክ ተናገርኩ፤ ግን እስከ ኋላ በር ድረስ ተሰማ።

«ፎቶ የለም፣ ጋሽ ስታመን።»

«አልተገኘም?»

«አልነበረም። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፈጥሬው ነው።»

ኮፍያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላ እጁ አዛወረ።

«እሺ። አመሰግናለሁ ልጄ» አለና ተቀመጠ።

ቢሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ወደ ሦስተኛው ረድፍ ዓይኔን አነሣሁ። ያቮር እየተመለከተኝ ነበር፤ ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። አንድ የሚያውቀውን ጽሑፍ መስመር በመስመር የሚያነብ ሰው ይመስል ነበር። ሲጨርስ ተነሥቶ ወጣ።

*

ወንዙ ዳር፣ መርከብ የሚታሰርበት የብረት ምሰሶ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሮጬ ስለመጣሁ ትንፋሼ ተቆራርጧል። እሱ ውኃውን ነው የሚያየው።

«ያቮር።»

«የነሐሴው ደብዳቤ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«‹በስልክ አትጻፍ፣ ሰው ያነበዋል› አልሽኝ። በወረቀት ጻፍኩ። ማን አነበበው?» ዞሮ አየኝ። «ከሌባ ሁሉ ጠበቅሽኝ፤ ከራስሽ ግን አልጠበቅሽኝም።»

«ስሟን አልጠራሁም…»

«ተይ! ተይ ዞርኒጻ፣ ይሄን ለእናትሽ ችሎት አድርጊው!» ሙሉ ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም ነበር። «ሦስት እሑድ! አባዬ ‹ማሽኑን ክፈቺልኝ› ሲልሽ ቤታችን ተቀምጠሽ ‹በሚቀጥለው ሳምንት› አልሽው። ደብዳቤውን ስትጽፊ አላሰብሽም እንበል። እነዚያን ሦስት እሑዶች ምን ልበላቸው?»

«ፈራሁ» አልኩ።

«ምን? ሥራሽን?»

«አንተን ማጣት።»

ሳቀ፤ መራራ ሳቅ። «እንግዲህ የፈራሽው ደረሰ» አለና ተነሣ። «ደብዳቤዎቼን መልሺልኝ። ሁሉንም። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን ሁሉ ላንቺ ስጽፍ ለማጥመጃ ነገር እያቀበልኩሽ እንደሆነ አላወቅኩም።»

በአጠገቤ ሲያልፍ ክንዱ ክንዴን ነካ። ሸሸት አደረገው። በዚያች ትንሽ መሸሽ ውስጥ ስድስት ወር ሙሉ የተገነባው ሁሉ ሲወርድ ተሰማኝ።

*

ሐሙስና ዓርብ ሩሴን በር ለበር ዞርኩ። ጡረታ የወጡ ብረት ቆራጮች፣ የማኅበሩ የድሮ ጸሐፊ፣ የክሬን ሠራተኛ የነበረች ሴትዮ። የጫማ ካርቶን ሙሉ ፎቶ አገላብጬ አየሁ። ባሕሩ አለ፣ አውቶቡሱ አለ፣ ሐብሐብም አለ። ኔዳ የለችም። ሊያጽናናኝ የሚችል አንድም ተአምር አልተገኘም።

ዓርብ ከሰዓት ካራጆቭ ደወለ። «በኅዳር ቫርና፣ ከዚያ ፕሎቭዲቭ፣ ከዚያ ሶፊያ ጉባኤ አለን። የአሥራ አንድ ጊዜው ሰውዬ አብሮን ይዞራል፤ ሰው ምን ያህል እንደወደደው አየሽ አይደል?»

«ስላይዱን አጥፍቼዋለሁ።»

«እኔ ጋ አለ።»

«እንግዲያው ቫርና ላይ አቀራቢዋ እኔ ነኝ። ማጥመጃውን ከየት እንዳገኘሁት፣ ከማን ደብዳቤ እንደሰረቅሁት ጨምሬ እናገራለሁ።»

«ራስሽን ነው የምታቃጥዪው!»

«አውቃለሁ» አልኩ። ድፍረት እንዳይመስላችሁ። ሌላ የሚቃጠል ነገር አልቀረኝም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ገብቼ ስምንት ቀይ የካርኔሽን አበባ ገዛሁ። አበባ ሻጯ በለቅሶ የቀላ ዓይኔን አይታ ከንፈሯን መጠጠችና በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። የያቮርን ደብዳቤዎች በክር አስሬ በሌላ እጄ ይዤ ሄድኩ።

በራቸው ላይ ወረቀቱ ተለጥፏል። ኔዳ ከመታወቂያው ላይ ሆና፣ ከንፈሯን ገጥማ፣ ቀጥ ብላ አየችኝ። ጋሽ ስታመን ደጃፉ ላይ በስኳር የተለወሰ የስንዴ ንፍሮ ለጎረቤት ያድላል፤ ያቮር ሳህኑን ይዞለታል። ጎረቤቱ እንደ ወጉ «ነፍሷን ይማር» እያለ ይቀበላል። ተራዬ ሲደርስ ያቮር ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተከለ።

«ነፍሷን ይማር» አልኩ፤ ድምፄ ተሰበረ። «ጋሽ ስታመን፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ፎቶዋን ሁለት ቀን ፈለግሁ፤ የለም። ቫርና በሚደረገው ጉባኤም የሠራሁትን እናገራለሁ።»

«በር ለበር መዞርሽን ሰማሁ» አለ። ወደ ወረቀቱ በአገጩ ጠቆመኝ። «ተቆጥታብኛለች፣ አይደል? አርባ ዓመት እንዲህ ነው ያየችኝ። የሳቀችውን ቢለጥፉ ኖሮ ጎረቤት ‹ይቺ ማናት› ይል ነበር።» ሊስቅ ሞከረና ዓይኑ ሞላ።

ደብዳቤዎቹን ለያቮር ዘረጋሁለት። ጋሽ ስታመን ግን ቀደመው። የግምጃ ቤት ሰው ነው፤ የራሱን ቅጽ በሩቁ ያውቃል። ክሩን ገለጥ አድርጎ አየ፤ የፊቱን ገጽ ጮክ ብሎ አነበበ።

«‹የሚፈለገው ዕቃ፦ ዞርኒጻ። ብዛት፦ አንድ…›» ቀና አለ። «አንተ! ስድስት ወር ሙሉ ቅጽ እየጎደለብኝ፣ ለአለቃ ደብዳቤ ጽፌ፣ ያንን ምስኪን ረዳቴን ጠርጥሬ!»

ያቮር እስከ ጆሮው ቀላ። «አባዬ…»

«ምን አባዬ! እሷ ከአንተ ሰረቀች፣ አንተ ከእኔ። ከዚህ ቤት ያልሰረቀ ማን ነው? ኔዳ ናታ!» ደብዳቤዎቹን ሳያነብ አጥፎ ለልጁ ሰጠው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ። «ቫርና ላይ ደግሞ ትናገሪያለሽ አልሽ?»

«ካልከለከሉኝ አዎ። የእርስዎን ነገር ግን አላነሳም፤ ማንም አይስቅብዎትም።»

«አንሺው» አለኝ። «አሥራ አንድ ጊዜ የተጫነ ሰው አለ በያቸው። ደደብ ስለሆነ ግን አይደለም በያቸው። ሚስቱን ፈልጎ ነው።»

ፊቴን በጋዜጣው አበባ ሸፍኜ ደጃፉ ላይ አለቀስኩ፤ የሶፊያ ዳኛ ልጅ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ። ጋሽ ስታመን አበባውን ቀስ ብሎ ከእጄ ወስዶ እንደ ልማዱ ቆጠረው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ።

«ዘጠኝ ነው» አለ።

«ስምንት ነው የገዛሁት!» ደነገጥኩ። እኛ አገር ለሟች በጥንድ፣ ለቋሚ በጎዶሎ ቁጥር አበባ እንደሚሰጥ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ያቺ አበባ ሻጭ አዝናልኝ አንድ መርቃኛለች፤ ለማን እንደሆነ አልነገርኳትም። ዛሬም፣ እዚህም በር ላይ አጠፋሁ ብዬ መሬት ዋጪኝ አልኩ።

ጋሽ ስታመን አንዱን ካርኔሽን ከመሃል መዘዘ። ወደ እኔ አልዘረጋውም። ለያቮር ሰጠው።

«ስምንቱ የኔዳ ነው» አለ። «ጎዶሎው የቋሚ ነው። ለማን እንደምትሰጠው አንተ ታውቃለህ። ካልሰጠኸው ግን ውኃ ውስጥ አድርገው፤ እንዳይደርቅ።»

ስምንቱን ይዞ ወደ ኔዳ መቃብር መንገድ ጀመረ። ጎረቤቶቹ ተከተሉት። ደጃፉ ላይ ሁለታችን ቀረን፤ ከወረቀቱ ላይ ኔዳ ታየናለች።

ያቮር በአንድ እጁ ደብዳቤዎቹን፣ በሌላው አበባውን ይዟል።

«አሁን ልሰጥሽ አልችልም» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«አውቃለሁ።»

ወደ ቤት ገባ። ልሄድ ስዞር፣ በተከፈተው በር የቧንቧ ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ሲወርድ ሰማሁ።